ከታች ነው ወይስ ከላይ?

ለሁለት ዓመት ያህል አንድ የጠዋት ልማድ ነበረኝ። ከቤት ከመውጣቴ በፊት በረንዳ ላይ ያለችውን የሎሚ ችግኝ ዞር ዞር ብዬ አያታለሁ፤ ቢጫ ቅጠል ካገኘሁ እቀጥፋለሁ፤ ቀጥፌም እጥላለሁ። ተክል መንከባከብ ማለት ይህ ይመስለኝ ነበር። ቢጫ ቅጠል ያረጀ ቅጠል ነው፤ ያረጀ ደግሞ ሳይሠራ ይቀለባል፤ እሱን ካነሣሁላት ምግቡ ለለጋዎቹ ይተርፋል እል ነበር። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ሰው ቢጠይቀኝ ግን በሙሉ ልብ የምመልሰው ይህንኑ ነበር።

ሎሚ ዓመቱን ሙሉ እኩል አያድግም። ለሳምንታት ጸጥ ይልና ድንገት ከየጫፉ ቀንበጥ ያወጣል። ለጋው ቅጠል መጀመሪያ ሲነኩት እንደ ጨርቅ ይታጠፋል፤ ቀለሙም ፈዘዝ ያለ ነው። ከዚያ እየሰፋ፣ እየጠቆረ፣ እየጠነከረ ይሄዳል። ያ ቀንበጥ በወጣ ቁጥር ከሥር ያሉት ቅጠሎች ይገረጡብኝ ነበር። አንዱን ስቀጥፍ በሳምንቱ ከበላዩ ያለው ይከተላል። ግንዱ ከታች ወደ ላይ እየተራቆተ መጣ። የመጀመሪያው ዓመት ለጋ ቅጠል ሌባ ጣቴን ያህል ይረዝም ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የወጣው ግን የትንሿን ጣቴን ያህል እንኳ አልደርስ አለ። እኔም መቅጠፌን አጠናከርኩ።

ከግድግዳው በኩል የነበረችው

አንድ ቀን ወለሉን ለመጥረግ መትከያውን ከግድግዳው ፈቀቅ ሳደርገው፣ ከኋላ ተደብቃ የቆየች አንዲት ቅጠል አገኘሁ። ዞር ዞር ብዬ ሳይ ሁሉ አምልጣኛለች ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ ቢጫ ሆናለች። እንደ ልማዴ ልቀጥፋት እጄን ስሰድ ገና ጣቴ ሲነካት ወደቀች። ሳልጎትታት፣ ድምፅ እንኳ ሳታሰማ።

በዚያው ጠዋት የቀጠፍኩት ሌላ ቅጠል በግራ እጄ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ያዝኳቸው። የቀጠፍኩት ከበድ ይላል፤ ዳርና ዳሩ ቢጫ ይሁን እንጂ በጅማቶቹ ግራና ቀኝ አረንጓዴው ገና አለ፤ ሲላቀቅ ከግንዱ ቀጭን ልጣጭ ይዞ ስለመጣ ጫፉ እርጥብ ነው፤ ስጨምቀው የሎሚ ሽታው እጄን ሞላው። በራሷ የወደቀችው ግን የአሮጌ ወረቀት ቀለም ያላት፣ ክብደቷ የማይሰማ፣ ጅማቶቿ ሳይቀሩ ቢጫ የሆኑባት ናት። ከግንዱ የተላቀቀችበት ጫፍ ደረቅና ድፍን ነው። ግንዱ ላይ የተወችው ምልክትም በቢላ የተስተካከለ የሚመስል፣ የተዘጋ ትንሽ ጠባሳ ነው። እኔ የቀጠፍኩበት ቦታ ላይ ያለው ግን ቁስል ነው።

ሁለቱንም መዳፌ ላይ አድርጌ ፎቶ አነሣሁና የአፈር ትምህርት ላጠናች ጓደኛዬ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«ከታች ነው የጀመረው ወይስ ከላይ?»

«ከታች።»

«አዲስ ቀንበጥ ሲወጣ ይብሳል?»

«አዎ። እንዴት አወቅሽ?»

«ታዲያ ለምን ትቀጥፈዋለህ? ገና እየሰጠ እኮ ነው!»

ሌላም ብዙ ነገር ነገረችኝ፤ ከጆሮዬ አልወጣ ያለኝ ግን ያ የመጨረሻው ቃል ነው። እየሰጠ። እኔ እየበላ ነው ብዬ ነበር የምቀጥፈው።

ቅጠል ጓዙን ሲጠቀልል

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ፤ ባነበብኩ ቁጥርም የጣልኳቸው ቅጠሎች እየመጡ ፊቴ ይደቀናሉ።

ቅጠል ውስጥ ካለው ናይትሮጅን እስከ ሦስት አራተኛ የሚደርሰው ክሎሮፕላስት በሚባሉት፣ ብርሃንን ወደ ምግብ በሚለውጡት ጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ ነው። ከዚያም ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው ሩቢስኮ የሚባል ፕሮቲን ነው። ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚይዘው እሱ ነው፤ በብዙ ተክሎች ከቅጠሉ ናይትሮጅን ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው በዚህ አንድ ፕሮቲን ብቻ ታስሯል። ስለዚህ ቅጠል ማለት ምግብ ማብሰያም ጎተራም ነው። በተለይ ሎሚን የመሰሉ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፉ ዛፎች ለሚቀጥለው ቀንበጥ የሚሆነውን ናይትሮጅን በአሮጌ ቅጠሎቻቸው ጭምር ያስቀምጣሉ። የእኔ ሎሚ አፈሯ ተሟጦ፣ ሥሯ የሚያመጣው ሲያጥርባት፣ ቀንበጥ ባወጣች ቁጥር ጎተራዋን ትከፍት ነበር። እኔ ደግሞ ጎተራውን ከነእህሉ እየጣልኩባት ነበር።

ጎተራው የሚከፈተው በሥርዓት ነው። በመጀመሪያ ክሎሮፕላስቶቹ ይፈርሳሉ። ፕሮቲኖቹ ወደ ተገነቡበት አሚኖ አሲድ ይበተናሉ፤ ናይትሮጅኑም በብዛት ግሉታሚንና አስፓራጂን በሚባሉ ለጉዞ በሚመቹ አሚኖ አሲዶች ተጭኖ ይወጣል። ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየምም አብረው ይሄዳሉ። የሕዋሱ አስኳልና ጉልበት የሚሰጠው ማይቶኮንድሪያ ግን እስከ መጨረሻው ሳይነኩ ይቆያሉ። ማፍረሱም ማጓጓዙም ጉልበትና ትእዛዝ ይፈልጋልና፣ ቅጠሉ ሥራውን ሳይጨርስ ቢሞት ዕቃው ሁሉ ውስጡ ይቀራል። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚባለውን ይህን ያህል ቃል በቃል የሚፈጽም ነገር አላውቅም። በዓለም ዙሪያ ባሉ ዕፅዋት ላይ በተደረጉ ልኬቶች፣ ቅጠል ከመርገፉ በፊት ከናይትሮጅኑና ከፎስፈረሱ በአማካይ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ወደ ተክሉ ይመለሳል።

ቢጫውን ራሱን በተመለከተም ተሳስቼ ነበር። ቢጫው አዲስ የመጣ ቀለም አይደለም፤ መጀመሪያውኑም ቅጠሉ ውስጥ ነበር፣ አረንጓዴው ጋርዶት ነው እንጂ። አረንጓዴው ቀለም፣ ክሎሮፊል፣ ሲፈርስ ካሮቲኖይድ የተባሉት ቀለሞች ይገለጣሉ። ያስገረመኝ ደግሞ ከክሎሮፊል ከራሱ ናይትሮጅን ተክሉ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አለማግኘቱ ነው። ከፕሮቲን የተለየ ክሎሮፊል ብርሃን ሲያርፍበት ሕዋሱን ይጎዳል፤ ስለዚህ ተክሉ ቀለም ወደሌለው ነገር ለውጦ እዚያው ቅጠሉ ውስጥ ያከማቸዋል። ክሎሮፊሉ የሚፈርሰው ከእሱ ጋር የተሳሰሩትን ፕሮቲኖች በሰላም ለማውጣት ነው። እኔ አረንጓዴው ሲጠፋ ቅጠሉ አለቀለት እል ነበር፤ ለካ ያን ጊዜ ነው ሥራው የሚፋፋመው።

መንገዱ

ይህ ሁሉ የሚሄደው በፍሎየም ነው። ተክል ሁለት ዓይነት ቧንቧ አለው። ዛይለም ውኃንና ማዕድንን ከሥር ወደ ቅጠል ያወጣል፤ የሞቱ ሕዋሶች ባዶ ቱቦ ሲሆን፣ የሚስበው ከቅጠል የሚተነው ውኃ ነው። ፍሎየም ግን ሕያው ነው፤ ስኳርና አሚኖ አሲድ ይዞ ካለበት ወደሚፈለግበት ይሄዳል፣ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች። እንዴት እንደሚገፋ ዛሬም ተቀባይነት ያለውን ማብራሪያ የሰጠው ጀርመናዊው ኤርንስት ሙንሽ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1930። ስኳር የሚሠራው ቅጠል ፍሎየሙን በስኳር ሲሞላው ውኃ ተከትሎ ይገባል፣ ግፊቱ ይጨምራል፤ ስኳሩ በሚወሰድበት ጫፍ ደግሞ ግፊቱ ይቀንሳል። ፈሳሹ ከአንዱ ወደ ሌላው ይፈሳል፤ ፍጥነቱም በሰዓት አንድ ሜትር አካባቢ ነው። ከሥረኛው ቅጠል እስከ ሎሚዬ ጫፍ ድረስ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው ማለት ነው።

ይህን ፈሳሽ ለመቅዳት ሳይንቲስቶች የተጠቀሙበትን ዘዴ ሳነብ ደጋግሜ አሰብኩበት። ፍሎየም ሲቆረጥ ወዲያው ራሱን ይደፍናል። ክሽክሽ የተባለችው ትንሽ ነፍሳት ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ አፏን ሳታስቆጣው በቀጥታ ቱቦው ውስጥ ትሰካለች። እ.ኤ.አ. በ1953 ኬኔዲና ሚትለር የተባሉ ተመራማሪዎች ክሽክሿ እየጠባች ሳለ አፏን ቆርጠው እዚያው ተተክሎ ተዉት። ፈሳሹ ማንም ሳይስበው ለሰዓታት ይንጠባጠብ ነበር። ግፊቱ የተክሉ የራሱ ነው። ከአሮጌ ቅጠል ወደ ለጋው የሚደረገው ጉዞ በዚህ ግፊት ውስጥ ያለ ነው፤ ዓይን ባያየውም በየደቂቃው ይፈሳል።

ሁለተኛዋ ሎሚ

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። መፍትሔው ቀላል መሰለኝ፤ ናይትሮጅን ያለበት ማዳበሪያ መስጠትና እጅን መሰብሰብ። ሰጠኋት፤ በወሩ ያወጣችው ቀንበጥ እንደ ድሮው ሰፊ ሆነ፣ ከሥር ያሉትም መገርጣታቸውን አቆሙ። ግማሽ ያህል ገርጥታ የነበረች አንዲት ቅጠል እንዲያውም አረንጓዴዋ መለስ አለላት። ደስታዬን መግለጽ አልችልም።

ከጎኗ ግን ሌላ ሎሚ ነበረች፣ እሷም ቢጫ። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» እንዲሉ፣ ለእሷም ያንኑ ማዳበሪያ ሰጠኋት። ምንም። ጓደኛዬ የጠየቀችኝን ጥያቄ ራሴን መጠየቅ እንዳለብኝ የገባኝ ከሳምንታት በኋላ ነው፦ ከታች ነው ወይስ ከላይ? ጎንበስ ብዬ አየሁ። የታችኞቹ ቅጠሎች ጥቁር አረንጓዴ ናቸው። ቢጫ የሆነው ጫፉ ነው። ለጋው ቅጠል ቢጫ መደብ ላይ በአረንጓዴ ክር መረብ የተሠራ ይመስላል፤ ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ፣ በመካከላቸው ያለው ሁሉ ቢጫ።

ይህ የብረት እጥረት ምልክት ነው። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም በፍሎየም በደንብ ስለሚጓዙ፣ ሲያጥሩ ተክሉ ከአሮጌው አንሥቶ ለለጋው ይሰጣል፤ ጉድለቱ የሚታየው ከታች ነው። ብረትና ካልሲየም ግን አንዴ ቅጠል ውስጥ ከገቡ ለመውጣት እጅግ ይቸገራሉ፤ ስለዚህ አሮጌው ጠግቦ ለጋው ይራባል። የካልሲየም ነገር የባሰ ነው። አንዱ ክፍል የሕዋስን ግድግዳ እንደ ሲሚንቶ ያያይዛል፤ ሌላው ኦክሳሌት ከተባለ አሲድ ጋር ተዋህዶ ጠጣር ክሪስታል ይሆናል። ሕያው ሕዋስ ደግሞ በውስጡ ነፃ ካልሲየም እንዲበዛ አይፈቅድም፤ ከፎስፌት ጋር ተጣብቆ ይረጋልና። በዚህ ምክንያት ሕያው በሆነው ፍሎየም በኩል በቂ ካልሲየም ማለፍ አይችልም። መንገዱ ከውኃ ጋር በዛይለም ወደ ላይ መውጣት ብቻ ነው፤ ብዙ ውኃ ወደሚያተን ቅጠል ብዙ ይደርሳል፣ ተጠቅልሎ ወደተቀመጠ ለጋ ቅጠልና ወደ ፍሬ ጥቂት። የቲማቲም ፍሬ የታችኛው ጫፉ ጠቁሮ የሚበሰብሰው፣ ቅጠሎቹ ካልሲየም ሞልቷቸው እያለ ጭምር፣ በዚህ ነው።

ድንጋጌው ለሁሉም አንድ ዓይነት አለመሆኑም አለ። ቦሮን በአብዛኞቹ ተክሎች ውስጥ እንደ ካልሲየም ባለበት ይቀራል፤ ፖም፣ ኮክና ለውዝ መሰሉ አልመንድ ግን ሶርቢቶል የተባለ የስኳር አልኮል ስለሚሠሩ ቦሮኑ ከእሱ ጋር ተያይዞ በፍሎየም ይጓዛል። ሰልፈር ደግሞ መካከል ላይ ነው፤ እጥረቱ ብዙ ጊዜ ከለጋው ይጀምራል።

ለሁለተኛዋ ሎሚ የሞላሁት አፈር ግንባታ ከነበረበት ቦታ የተዛቀ ነበር፤ ኖራና የሲሚንቶ ፍርፋሪ አለበት። ኖራ የበዛበት አፈር ውስጥ ብረት አለ፣ ነገር ግን ሥር ሊወስደው በማይችለው መልክ ይታሰራል። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳዊው ዩዜብ ግሪ እንዲህ የገረጡ ቅጠሎችን የብረት ሰልፌት ቀብቶ አረንጓዴ እንደሚሆኑ አሳይቶ ነበር። እኔም በጣም የቀጠነ የብረት ሰልፌት ውኃ በጥጥ እንጨት ነክሬ አንድ ለጋ ቅጠል ላይ ጥቂት ነጠብጣቦች አሳረፍኩ። ከቀናት በኋላ ነጠብጣቡ ያረፈበት ቦታ አረንጓዴ ሆነ፤ ቦታው ብቻ። ከነጠብጣቡ አጠገብ፣ የጥፍር ስፋት እንኳ ሳይርቅ፣ ቢጫው እንዳለ ነበር። ብረት አይጓዝም የሚለውን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ ይህን ካየሁ በኋላ ግን ማንም መድገም አላስፈለገውም። አፈሯን ቀየርኩላት፤ ቀጥሎ የወጣው ቀንበጥ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ተክል አይደብቅም። የጎደለውን በየትኛው ቅጠል ላይ እንደሚጽፍ ራሱ ይመርጣል፤ እኔ ነኝ ቢጫውን ብቻ አይቼ ቦታውን ሳላይ የቆየሁት።

ማን ነው የሚወስነው?

ይህን ታሪክ ያወራሁላቸው ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር ይላሉ፦ «እንደ ወላጅ ነዋ! ራሱ ደርቆ ልጁን ያሳድጋል።» ልቤ ይቀበለዋል። ግን ነገሩን በቅርብ ባየሁት መጠን እየከበደኝ መጣ። ወላጅ ይመርጣል። ቅጠል ግን የሚሰጠው ስለሚጠየቅ ነው፤ ጠያቂው ዝም ካለ አይሰጥም።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኩርት ሞቴስና የሥራ ባልደረቦቹ ከተክሉ በተቆረጠ የትምባሆ ቅጠል ላይ ኪኔቲን የተባለ ሆርሞን በአንድ በኩል ቀቡ። የተቀባው ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ፣ ሌላው ገረጣ። ጨረር በሚሰጥ አቶም ምልክት የተደረገበት አሚኖ አሲድ ሌላ ቦታ ላይ ሲያኖሩ ደግሞ ወደ ተቀባው ቦታ ሄዶ ተከማቸ። እዚያው አንድ ቅጠል ውስጥ፣ በዕድሜ እኩያ የሆኑ ሁለት ክፍሎች፣ አንዱ ሰጪ ሌላው ተቀባይ ሆኑ። ልዩነቱ ዕድሜ አልነበረም፤ ጥሪው ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ጋንና አማሲኖ ማርጀት ሲጀምር ይህን መሰል ሆርሞን ራሱ የሚሠራ ትምባሆ ፈጠሩ፤ የታች ቅጠሎቹ ሳይገረጡ ቆዩ።

ይህ ጥሩ ዜና ይመስላል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የስንዴ ጥናት ቅጠል በጊዜው እንዲያረጅ የሚያደርግ ጂን አገኘ። ተመራማሪዎቹ ጂኑንና ዘመዶቹን ሲያዳክሙ ስንዴው ከወትሮው ከሦስት ሳምንት ለበለጠ ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ቆየ፤ የፍሬው ፕሮቲን፣ ዚንክና ብረት ግን ከ30 በመቶ በላይ ቀነሰ። ቅጠሉ ማምሸቱ ፍሬውን አስራበ። (ብረት እዚህ መጠቀሱ ሊያስገርም አይገባም ብዬ አላልፍም፤ እኔን አስገርሞኛል። ሎሚዬ ላይ ካለበት ያልተነቃነቀው ብረት፣ ቅጠል በሥርዓት ሲያረጅና ፍሬ ሲጠራው በመጠኑም ቢሆን መንገድ ያገኛል ማለት ነው።)

ሌላም አለ። ለጋ ቅጠል ስኳር የሚቀበለው ስፋቱ ግማሽ ያህል እስኪደርስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ሰጪነት ይለወጣል። አንዴ ከተለወጠ በኋላ በሩ ይዘጋል። ጥላ ቢወድቅበትና መሥራት ቢያቅተው እንኳ ሌሎቹ ስኳር አይልኩለትም። እኔ «ሳይሠራ ይቀለባል» ያልኩት አሮጌ ቅጠል፣ ቢፈልግም የሚቀለብበት መንገድ የለውም። ይህን ሳውቅ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። የመቅጠፌ ምክንያት በሙሉ እዚህ ላይ አለቀ።

አሁን

ቢጫ ቅጠል ሁሉ ይተው አልልም። ነጥብ ነጥብ ያለበት፣ ሻጋታ የለበሰ፣ ተባይ የሰፈረበት ቅጠል ይነሣ፤ እሱ የሚያቀብለው ሌላ ነገር ነው። በአንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ቢጫ የሚሆን ተክልም ብዙ ጊዜ ሥሩ ውኃ በዝቶበት ታፍኖ ነውና መጀመሪያ አፈሩን መንካት ይሻላል። ከታች በኩል በእርጋታ፣ አንድ በአንድ የሚገረጣውን ግን አልነካም። መጀመሪያ አካባቢ ማየቱ ይከብደኝ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ «ይቺ ሎሚ ታመመች እንዴ?» ይለኛል።

ዛሬ ጠዋት ከሁሉም ሥር ያለችውን አየኋት። ቢጫ ሆናለች፤ በመካከለኛው ጅማቷ ግራና ቀኝ ግን ከክር የማይሰፋ አረንጓዴ ቀርቷል። የሎሚዋ ጫፍ ላይ፣ ሦስት ስንዝር ከፍ ብሎ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህል አዲስ ቀንበጥ ብቅ ብሏል። ቅጠሏን በጣቴ ቀስ አድርጌ ገፋ አደረግኳት። ጠበቅ ብላ ያዘች። ውኃ አጠጣሁና በሩን ዘጋሁት።